ሰፊ ጉሮሮ

«መኪናዋም ከባሏ ጋር ሞታለች፤ እናንተ የምትጣሉት በሬሳ ላይ ነው» አለ ለማ።

በኃይሉ ይህን የሰማው ጓዳ ቁጭ ብሎ ትኩስ የቦዬ ሥር ቅቅል በዳታ፣ በወላይታው አዋዜ፣ እያጠቀሰ ቁርሱን ሲበላ ነው። ጓዳውንና ሳሎኑን የሚለየው የጭቃ ግድግዳ ጣሪያው ድረስ ስላልደረሰ በዚያ ቤት ሹክሹክታ እንኳ ከላይ ተሻግሮ ይወርዳል። ታላቅ ወንድሙ ለማ ሳሎን ውስጥ ከእንግዳ ጋር ተቀምጧል። እንግዳው ትናንት ከሃላሌ የመጣው ጦና ነው፤ ባለፈው ዓመት የሞተው የዝንጅብል ነጋዴው የሻንቆ ወንድም፤ የሚጣላውም ከሟቹ ሚስት ከፋና ጋር ነው። ጦና ጉሮሮውን ጠረገና፣ «ሬሳም ብትሆን ብረት ናት፤ ብረት ደግሞ ይሸጣል። ወንድሜ ነው የገዛት» ሲል መለሰ። ለማም እንደ ልማዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ነገርን ሚዛን ላይ እንደሚያስቀምጥ ሰው፣ «እንግዲህ ከሰዓት በኋላ ሽማግሌ እዚሁ ግቢ ይቀመጣል። መኪናዋ በራሷ ተነስታ ከሄደች ፋና ልጆቿን ታሳድግባት። ካልተነሳች ተሸጣ ትካፈላላችሁ። ከዚህ በላይ ምን ፍትሕ አለ?» አለ። የለማ ሚስት ንግሥቲ ምድጃው አጠገብ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። በኃይሉ ቀና ብሎ ሲያያት ዓይኗን ወደ ምድጃው መለሰችና የዳታውን ሳህን ወደ እሱ ገፋ አደረገች። «ብላ፤ ይቀዘቅዛል» ብቻ አለችው።

በኃይሉ አርባ ዓመት ሊሞላው ነው። እናትና አባታቸው በአንድ ክረምት ሲሞቱ ለማ ከቦምቤ ሶዶ ድረስ በትከሻው ተሸክሞ አመጣው፤ ራሱ የሰው መኪና እየነዳ አሳደገው፤ ጋራዥ አስገብቶ ሙያ አስያዘው። ኋላም ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ዳር ቦታ አግኝቶ የራሱን ጋራዥ ሲከፍት ስሙ የለማ፣ እጁ የበኃይሉ ሆነ። ያ ውለታ በሁለቱ መካከል አንድም ቀን ተነስቶ አያውቅም፤ አንድም ቀን ግን ተረስቶ አያውቅም። በኃይሉ ሁለት ጊዜ ሚስት ሊያገባ ተነሳ፤ ሁለቱንም ጊዜ ለማ «መጀመሪያ ቤት» ብሎ መለሰው። ከጋራዡ ጀርባ ካለችው የቆርቆሮ ክፍል በቀር ግን የተሠራ ቤት አልነበረም። ከተማው ለማን ያከብረዋል። የዕድር ዳኛ ነው፤ ለቅሶ ቤት ድንኳን ቀድሞ የሚያስተክል፣ የተጣላ የሚያስታርቅ፣ ሻንቆ የሞተ ቀን እንኳ ሬሳውን በራሱ መኪና ከሆስፒታል ያመጣ እሱ ነው። ሰው ሁሉ «ጋሽ ለማ ባይኖር ኖሮ» ይላል። በኃይሉም ይል ነበር።

ለማ እንግዳውን ሳሎን ትቶ ወደ ጓሮ ሲወጣ በኃይሉን በር ላይ አገኘው። የሽምግልና ቀን የሚለብሰውን ነጭ ሸሚዝ ለብሷል።

«ዛሬ ያቺን የፋናን ፔጆ እስቲ እያት» አለው። «አላዩላትም እንዳይባል ነው። ብዙ አትድከም፤ የመንግሥት መኪኖቹ ይቀድማሉ።»

«ለመሆኑ ምን ሆነች ጋሼ?»

«አርጅታለች። ሰውም መኪናም ያረጃል።» ይህን ብሎ አቮካዶው ሥር የቆመችውን የራሱን ነጭ ፔጆ በመዳፉ አበስ አድርጓት ወደ ሳሎኑ ተመለሰ። የእሱና የሻንቆ ፔጆዎች በአንድ ሰሞን ከአዋሳ ተገዝተው የመጡ ናቸው፤ የሻንቆ የጭነት ከመሆኗ በቀር በዕድሜም በሞተርም እኩያ ናቸው።

ዘመኑ ለአሮጌ መኪና የሚመች አልነበረም። ወላይታ የራሱን ዞን ካገኘ ወዲህ ሶዶ ውስጥ ቢሮ በቢሮ ላይ ተከፍቷል፤ ቀይ አፈሩ ላይ ናፍጣ የሚጠጡ አዳዲስ ላንድክሩዘሮች ይመላለሳሉ፤ ወደ ሻንቶና ወደ ቦምቤ የሚወስደውን መንገድ ሚኒባስና አይሱዙ ይዞታል። ቤንዚን በየጊዜው ይጨምራል። ካርቡራተር መፍታት የሚያውቅ ሰው በየዓመቱ እያነሰ ሲሄድ ለማ ቢከፋው እንኳ አልታየበትም፤ በጋራዡ በር ላይ የመንግሥት ታርጋ ተሰልፎ ማየት ይወድ ነበር። በኃይሉ ግን ከእነዚያ መኪኖች ጋር ብዙም አይነጋገርም። እሱ የሚወደው ኮፈን ከፍቶ፣ ካቻቢቴውን ይዞ፣ ጆሮውን ወደ ሞተሩ አዘንብሎ፣ ትንሿን ቪስ ወደ ውስጥም ወደ ውጭም እያዞረ ሞተሩ ትንፋሹ የሚረጋበትን ቦታ መፈለግ ነው።

ፋና የመጣችው ረፋዱ ላይ ነው። መኪናዋ ከመታየቷ በፊት ተሰማች፤ ከቁልቁለቱ ራስ ጀምራ እየተንተባተበች፣ ማርሚታዋ እንደ ጠመንጃ እየተኮሰ፣ ከኋላዋ ጥቁር ጭስ እየጎተተች ወረደች። መንገድ ዳር የቆሙ ጎረምሶች «እትዬ፣ ባቡር ነው እንዴ የምትነጂው!» እያሉ ሳቁባት። ጋራዡ በር ላይ ስትደርስ ቁልፉን ሳትነካው ሞተሩ ራሱ ጠፋ። ፋና ጥቁር ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ የታጠቀች ረጅም ሴት ናት። መንዳት ያስተማራት ሻንቆ ነው፤ መታመም ሲጀምር፣ «እኔ ብቀር መንገዱ እንዳይቀር» ብሎ። እሱ ከሞተ በኋላ ብቻዋን ከቦምቤ ዝንጅብል ጭና ሶዶ ስታስገባ ገበያው ጉድ ብሎ ነበር። አሁን ግን መኪናዋ ከሥራ ከቆመች ሦስት ወር ሆነ፤ ቁልቁለት ካልሆነ ዳገት አትወጣም። በሰው መኪና ቦታ እየተከራየች ትጭናለች፤ ቦታ ያጣች ቀን ዝንጅብሉ መንገድ ዳር ዝናብ ይመታዋል። ትልቋ ልጇ ማክዳ ከትምህርት ቀርታ ሻንቶ ገበያ ትቸረችራለች።

«በኃይሉ» አለችው ከመኪናው ወርዳ፤ «ከሰዓት ሽማግሌው ፊት በራሷ እግር መግባት አለባት። ሌላ የምልህ የለኝም።»

ኮፈኑን ከፍቶ የአየር ማጣሪያውን እንዳነሳ እጁ ባለበት ቆመ። የተገጠመው ካርቡራተር የፔጆ አይደለም። ከትልቅ የጭነት መኪና የወጣ፣ ጉሮሮው የሚገባውን እጥፍ የሚያህል፣ ከሥሩ በቆርቆሮና በጎማ ቁራጭ ተደጋግፎ በሽቦ የታሰረ ነው።

«ይሄን ማን ገጠመው?»

«ጋሽ ለማ። ፍሪሲዮን ልትሠራ እዚህ የገባች ጊዜ ነው፤ አንተ ለአክስትህ ለቅሶ ቦምቤ ነበርክ። ነባሩ ተሰንጥቋል፣ ይሄ ትልቅ ነው፣ ጉልበት ይሰጥሻል አለኝ።» ይህን ስትል የምታየው በኃይሉን ሳይሆን ዘይት የጠጣውን የጋራዡን መሬት ነበር።

በኃይሉ ካንዴላዎቹን መፍታት ጀመረ። አራቱም ረጥበው፣ ጥላሸት ለብሰው ወጡ። አንዱን በመዳፉ አድርጎ አሳያት። «ጉልበት ከካርቡራተር አይመጣም» አላት። «ሞተር የሚስበው አየር በሆዱ ስፋትና በሚዞረው ፍጥነት ልክ ነው፤ አፉን ብታሰፊለት ሆዱ አይሰፋም። ጉሮሮው ልኩን ሲሆን አየሩ እየሮጠ ያልፋል፤ ሲሮጥም ቤንዚኑን ከሥር መጥጦ እንደ ጉም ይበትነዋል። እንዲህ ሲሰፋ ግን አየሩ እየተንፏቀቀ ነው የሚገባው። ቤንዚኑ ጉም መሆኑ ይቀርና በጠብታ ይወርዳል፤ ሞተሩ ይርሳል እንጂ አይነድም።»

«ዳገት ላይ ቤንዚን ስረግጥ የምትሞተውስ?»

«ስትረግጪ በሩ ወለል ይላል። ሞተሩ ግን ዳገት ላይ በዝግታ ነው የሚዞረው፤ ያን ሁሉ በር የሚሞላ አየር መሳብ አይችልም። አየሩ ቀጥ ሲል ቤንዚኑም አይመጣም። ትታነቃለች።»

ፋና፣ «ታዲያ መዳኛ አለው?» አለችው።

መዳኛው ትክክለኛውን ካርቡራተር መግጠም ነው፤ እሱ ደግሞ ቢገኝ አዲስ አበባ ነው፤ ቀኑ ግን ዛሬ ነው። በኃይሉ ትልቁን ጉሮሮ ደጋግሞ ካየው በኋላ ሌላ ዘዴ መጣለት። በጉሮሮው ውስጥ የሚሰካ ቀለበት ከአሉሚኒየም ሠርቶ ማጥበብ ይቻላል፤ ዋናው ነገር መጠኑ ነው። ከልክ በላይ ከጠበበ ሞተሩ ሲፈጥን ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ከሰፋ ያው ነው። ልኩን ለማግኘት ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የዚያው ሞተር እኩያ ከአቮካዶው ሥር ቆማለች። መለኪያውን ኪሱ ከትቶ፣ ጋራዡን ከለማ ግቢ በምታገናኘው ትንሽ በር ገባ።

ንግሥቲ ለሽማግሌዎቹ አግዳሚ ወንበር እያወጣች ነበር። ከሳሎኑ የለማና የጦና ድምፅ ይሰማል። በኃይሉ የወንድሙን ፔጆ ኮፈን ከፍቶ የአየር ማጣሪያውን አነሳ። ወደ ጉሮሮው መለኪያውን ሊሰድ ሲል ዓይኑ ከካርቡራተሩ ጎን ባለችው የቤንዚን መስጫ ክንድ ላይ አረፈ። ክንዷ መሐል ላይ ተሰብራ በነሐስ የተበየደች ናት፤ ቢጫ ጠባሳዋ ያበራል። በያጇ ራሱ በኃይሉ ነው። የበየዳት ደግሞ ለወንድሙ ሳይሆን ለሻንቆ ነው። ሻንቆ ያን ቀን በሳቅ እየተንፈቀፈቀ፣ «መኪናዬን የወርቅ ጥርስ አስገባህላት!» ብሎት ነበር፤ ከዚያ በኋላም ለሰው ሁሉ ኮፈን ከፍቶ የወርቅ ጥርሷን ያሳይ ነበር። በኃይሉ ወንድሙ በእነዚህ ወራት «መኪናዬ እንደ አዲስ ሆነች» ሲል ሰምቷል፤ ምን አድርገህላት ብሎ አልጠየቀም። ጣቱን በጠባሳው ላይ አሳለፈ፤ ሌላ ሊሆን አይችልም።

«በኃይሉ።» ንግሥቲ አግዳሚውን እንደያዘች ከኋላው ቆማለች። «ክደነው» አለችው በለሆሳስ። «እንግዳ አለ።»

ዞር ብሎ አያት። እሷም ታውቅ ነበር። ከፊቷ ላይ ማፈርም ማዘንም አልተነበበም፤ ለዓመታት በአንድ ቤት የኖረች ሴት ድካም ብቻ ነው ያለው። የመጣበትን አልረሳምና ጉሮሮውን ለካ፤ ከዚያ ማጣሪያውን መልሶ ኮፈኑን እንዳይጮህ በሁለት እጁ ዘጋው።

ጋራዥ ሲመለስ ፋና ከአሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችው። ከፊቷ ቁጢጥ አለ።

«ፋና፣ ካርቡራተርሽ አልተሰነጠቀም።»

«አውቃለሁ» አለች።

«የት እንዳለስ?»

«አውቃለሁ አልኩህ እኮ። መኪናዋን በመለሰልኝ ሰሞን በራሱ መኪና ከገበያ ወደ ቤት ሲያደርሰኝ መንገድ ላይ ኮፈን ከፍቶ ውሃ ጨመረ። የሻንቆን የወርቅ ጥርስ አየሁት። እሱም ማየቴን አየ። ከዚያ ስለ ዝናቡ አወራን።»

በኃይሉ ብድግ አለ። «አሁን እፈታዋለሁ። ጊዜ አይወስድብኝም፤ የራስሽን ይዘሽ ትገቢያለሽ። እሱ የራሱን ዕቃ ይውሰድ።»

«ተቀመጥ!» አለችው፤ ድምፅዋ ወፍሮ። ከዚያ ዙሪያውን ቃኝታ ዝቅ አደረገችው። «ከዚያስ? በገዛ ግቢው፣ በእንግዳ ፊት፣ ሌባ ልታሰኘው? ዛሬ ጦናን የሚይዝልኝ እሱ ብቻ ነው። ለማን አቤት ልበል፣ ለሽማግሌው? ሽማግሌው እሱ ነው። አንተ ወንድሙ ነህ፤ ብትጣሉ ነገ ትታረቃላችሁ። እኔ ግን ቤቱም በሻንቆ ስም ነው፤ ዛሬ መኪናዋን ከወሰዱ ነገ ለቤቱ ይመጣሉ። ካርቡራተሩን ይብላው! በለቅሶዬ ቀን ቆሞልኛል፤ ለዚያ ይሁንለት። አንተ ዝም በልና የምትሄድ አድርግልኝ። ዝም ማለት ብቻ ነው የምለምንህ።»

በኃይሉ ከብረት ክምር ውስጥ የተቃጠለ የአሉሚኒየም ፒስተን ጎትቶ አወጣና በሞርሳ አስሮ አናቱን በሴጌቶ፣ በብረት መጋዝ፣ መቁረጥ ያዘ። ከዚያ ሞረድ። የቀለበቱን ውስጠኛ ክፍል ላይኛውን አፍ ሰፋ፣ መሐሉን ጠበብ፣ ታችኛውን እንደገና በቀስታ ገለጥ እያደረገ ሞረደው፤ አየር ስለታም ጠርዝ ካገኘው ይሽከረከራልና ጣቱ ምንም ሻካራ እስከማያገኝ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት አሸው። ቤንዚን የምታሳልፈው ትንሿ የነሐስ ቀዳዳም ለትልቅ ሞተር የተበሳች ናት፤ በእርሳስ ደፍኖ በቀጭን ሽቦ እንደገና በሳት። ከሥር ያለውን የቆርቆሮ ትብትብ ነቅሎ ጥሎ በልኩ የተቆረጠ ወፍራም ማሸጊያ አስገባበት፤ አየር በጎን ሰርቆ ከገባ ከላይ የተለፋው ሁሉ ከንቱ ነው። ይህን ሁሉ ሲሠራ ንዴቱ አልበረደም፤ እጁ ግን በንዴት ውስጥም ሥራውን አልሳተም። በእያንዳንዱ የሞረድ ጎተታ ላይ አንድ ነገር ያስባል፤ ወንድሙ ይህን ሲያደርግ ክፋት አስቦ እንኳ አልነበረም ይሆናል። መኪናው አስቸገረችው፤ አጠገቡ ደህና ዕቃ ቆማ አገኘ፤ ባለቤቷ ሴት ናት፤ ባሏ ሞቷል። በቃ። እንዲህ ቀላል መሆኑ ነው ያንገበገበው።

ፋና ውሃ አመጣችለት፤ መብራት ያዘችለት። ሲጨርስ ካንዴላዎቹን ጠርጎ ገጠመና «አስነሺ» አላት። ሞተሩ አጓራ፣ ጥቁር ጭስ ተፋ፣ ተንገዳገደ፤ አልጠፋም። በኃይሉ ጎንበስ ብሎ ሚኒሞውን፣ መኪናዋ ቆማ ሞተሩ የሚዞርበትን ፍጥነት፣ ከፍ አደረገ፤ የቤንዚንና የአየሩን ቅልቅል የምታስተካክለውን ቪስ ወደ ውስጥ አጠበቃት፤ ሞተሩ መሳሳትና መንቀጥቀጥ ሲጀምር በጥቂቱ ወደ ውጭ መለሳት፤ አሁንም ትንሽ፤ አሁንም። የሞተሩ ድምፅ ቀስ በቀስ ተሰበሰበ። ጭሱ ነጣ፣ ከዚያ ጠፋ። ትንሽ አሠርቶ አንዱን ካንዴላ ፈትቶ ሲያየው ጥላሸቱ ሄዶ የሸክላ ቀለም መያዝ ጀምሯል። ፋና መሪው ላይ እጇን እንደጫነች ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ እንዳይወርድ ግን ቀና አለች።

ለሙከራ ወደ ዳሞታ ተራራ እግር በሚወጣው ዳገት ሄዱ። እሷ ትነዳለች፤ እሱ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ያዳምጣል። እንደ ድሮው አይደለችም፤ ከታች ስትነሳ አሁንም ትንሽ ታመነታለች፤ ቤንዚንም ከልኳ በላይ መጠጣቷ አይቀርም። ግን ትሄዳለች። ዳገቱ መሐል ላይ ከፊታቸው የሚሄድ አህያ መንገዱን ሲዘጋባቸው ፋና ማርሽ ቀነሰች፤ እንደገና ስትረግጥ ሞተሩ አንዴ ትንፋሹን ውጦ ጎተተ። ያኔ ከሻንቆ ሞት ወዲህ በኃይሉ ያላየውን ሳቅ ሳቀች። «ማክዳ ሰኞ ትምህርት ቤት ትመለሳለች» አለች። አናቱ ላይ ሲደርሱ መኪናዋን አዙራ ቁልቁል ከተማውን አየች፤ ከዚያ ነጠላዋን አስተካከለች። «እንሂድ፤ ይጠብቁናል።»

ሽማግሌዎቹ አቮካዶው ሥር ተሰብስበዋል። መሐል ላይ በዕድሜ የሁሉ ታላቅ የሆኑት አቶ አንጁሎ ከዘራቸውን ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ በቀኛቸው ለማ፣ በግራቸው ጦና፣ ዳር ዳሩን ሌሎች የዕድር ሰዎች። የፋና መኪና በበሩ ያለ ጭስ፣ ያለ ተኩስ ስትገባ ለማ የያዘውን ብርጭቆ አፉ አጠገብ አቆመው። ለአፍታ ነው። ወዲያው ፊቱ በፈገግታ ተሞላና፣ «አላልኳችሁም!» ብሎ ተነሳ። ጦና ግን አልፈገገም። ሞተሩን አስጠፍቶ መኪናዋን ዞራት፤ ኮፈኑን በመዳፉ ዳሰሰው።

«ሦስት ወር ተኝታ የዛሬዋን ቀን መርጣ ተነሳች?» አለ። «ነገ ተመልሳ ብትተኛስ? ይሄ ጥገና ነው ወይስ ለሽማግሌ የተቀባ ቀለም?»

ለማ እጁን አነሳ። «ሻንቆ እንደ ወንድሜ ነበር። ነባሩ ካርቡራተር ሲበላሽባት ከራሴ ዕቃ ትልቁን አውጥቼ በነፃ የገጠምኩላት እኔ ነኝ። ትልቅ ዕቃ ትንሽ ሞተር ላይ እስኪላመድ ጊዜ ይወስዳል። አይደለም እንዴ በኃይሉ?»

ሁሉም ወደ በኃይሉ ዞሩ። እጁ ላይ ያለው ጥቁር ቅባት ገና አልታጠበም። ከመኪናው መስኮት ውስጥ ፋና ወደ ፊት ለፊቷ ትመለከታለች።

«ትሄዳለች» አለ በኃይሉ።

«እሱንማ እያየሁት ነው» አለ ጦና። «ባለሙያ ነህ፤ ወንድምህ ቢሆንም በእውነት ንገረን። ይሄ የተሰጣት ከነባሩ ይሻላል ወይስ አይሻልም? ያልተሻለ ከሆነ ዛሬ ብትሄድ ነገ ትቆማለች፤ ያኔ የብረቷም ዋጋ ይወድቃል።»

አቶ አንጁሎ ከዘራቸውን መሬት ላይ መታ አደረጉ። «ልጁ ይናገር።»

«አገልግሎት ትሰጣለች» ሊል ይችል ነበር። ውሸት አልነበረም፤ ያ ይበቃ ነበር ይሆናል። ቀና ሲል ግን የወንድሙን ፊት አየ። ለማ አሁንም ይስቃል፤ ከከንፈሩ በላይ ግን ፊቱ ገርጥቷል። በኃይሉ በሕይወቱ ወንድሙ ሲፈራ አይቶ አያውቅም። ያን ፊት ከታች ወደ ላይ እያየ ነው ከቦምቤ የመጣው፤ ያ ፊት በእሱ የተነሳ በሰው ፊት ሲወድቅ ማየት አልቻለም። አፉ ራሱ ተከፈተ።

«ይሻላል» አለ። ከዚያም ማንም ሳይጠይቀው፣ «ከነባሩ በብዙ ይሻላል። ነባሩ ዕቃ አልነበረም። ጋሼ ይሄን ባይሰጣት ኖሮ ይቺ መኪና ዛሬ ከቦታዋ አትነሳም ነበር» አለ።

ንግሥቲ ዳቦ የያዘ ሰፌድ ይዛ ቤቱ በር ላይ ቆማ ነበር፤ ዞር ብላ ወደ ውስጥ ገባች።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። አቶ አንጁሎ መኪናዋ ለፋናና ለልጆቿ እንድትሆን ፈረዱ፤ ጦናም ተቆጥቶ ጥቂት ካጉረመረመ በኋላ «የሽማግሌ ቃል ነው» ብሎ ተቀበለ። አንዱ ሽማግሌ ግን፣ «ሴትዮዋ ብቻዋን ናት፤ እንደ ሻንቆ ሆኖ የሚያይላት ሰው ያስፈልጋል» አለ። ሌሎቹም ተስማሙ፤ ከዚህ በኋላ መኪናዋን በአደራ የሚከታተልላት ለማ እንዲሆን፣ ጥገናዋም በእሱ ጋራዥ እንጂ በሌላ እጅ እንዳይሆን ተወሰነ። ለማ ደረቱ ላይ እጁን አድርጎ አደራውን ተቀበለ። «በይ፣ አመስግኚው እንጂ» አሏት አቶ አንጁሎ ለፋና። «ለባዕድ እንዲህ የሚያደርግ ስንት ሰው አለ?» ፋና ከመኪናዋ ወረደች። ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ለማ ሄደችና ጉልበቱን ልትስም ጎንበስ አለች። ለማ «ኧረ ተይ፣ ኧረ በሞቴ!» እያለ በትከሻዋ ያዛት፤ ያዛት እንጂ ቶሎ አላነሳትም። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሽ ለማ» አለች፤ ድምፅዋ ጥርት ያለ ነበር። ሽማግሌዎቹ መረቁ። ሁሉም አሜን አለ። በኃይሉም አለ።

ሽማግሌዎቹ ሳይነሱ ፋና ልጆቿ ይጠብቁኛል ብላ ለመሄድ ተነሳች። በኃይሉ በሩን ሊከፍትላት ቀደመ። የሆዱን የምታውቅለት እሷ ብቻ ናት፤ ለእሷ ሲል መዋሸቱን የምትረዳለት እሷ ናት፤ አንድ ቃል እንድትለው ይፈልጋል፤ ምን እንደሆነ አያውቀውም። የብረቱን በር ገፍቶ መንገዱ ዳር ቆመ። መኪናዋ አጠገቡ ስትደርስ ፋና ፍሬን ያዘች። በተከፈተው መስኮት ቁልቁል አየችው። ጉልበት ለመሳም ያጎነበሰችው ሴት አልነበረችም።

«ዝም በል አልኩህ እንጂ መስክር አልኩህ?» አለችው።

ማርሽ አስገብታ ሄደች።

ፋና ወደዚያ ጋራዥ ተመልሳ አልመጣችም። የሽማግሌውን ውሳኔ በአደባባይ አልተቃወመችም፤ ለማን ባገኘችው ቁጥር ጎንበስ ብላ ሰላም ትለዋለች፤ መኪናዋን ግን ሻንቶ ባለ በማያውቃት ሰው ታሠራለች። ለማ መጀመሪያ ላይ ቅር ቢለውም ኋላ ተወው፤ ስለ ጉዳዩ ከወንድሙ ጋር አንድም ቀን አላነሱም። የገበያ ቀን ጠዋት ዝንጅብል ጭና ከቦምቤ ስትመጣ በጋራዡ ፊት ለፊት ታልፋለች። ማክዳ ከጎኗ ደብተሯን እቅፍ አድርጋ ትቀመጣለች። በኃይሉ ከሌላ መኪና ሥር ተጋድሞ ሳለ ድምፁን ከሩቅ ይለየዋል፤ ማርሽ ስትቀይር ሞተሩ ይወፍራል፤ ሻንቶ ያለው ሰው በቅልቅሉ ላይ ቤንዚን አብዝቷል። ያቺን ትንሽ ቪስ የጥፍር ስፋት ያህል ወደ ውስጥ ቢመልሷት ይስተካከል ነበር። ካቻቢቴው እጁ ላይ ነው። መኪናዋ በበሩ አልፋ፣ ታጥፋ፣ ድምፅዋ ከገበያው ጫጫታ ጋር እስኪደባለቅ ድረስ ሥራውን አቁሞ ያዳምጣል፤ ከዚያ ከሥር ሆኖ የመንግሥት መኪናውን ብሎን መፍታት ይቀጥላል።